ከላይፖሰክሽን በኋላ የሌዘር ብርሃን ያስፈልገኛል ወይ? ለደብረ ብርሃኗ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 36 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ውጭ አገር ሄጄ ከሆዴና ከሁለቱም ጎኖቼ ስብ በላይፖሰክሽን አስወጥቼ ተመለስሁ። የተወጉት ቦታዎች ደርቀዋል። ሆዴ ግን አሁንም ያበጠ ነው፤ በግራ ጎኔ እንደ ጠጠር የሚዳሰስ ነገር አለ፤ ከእምብርቴ በታች ሲነኩኝ አይሰማኝም። አዲስ አበባ ያለ አንድ የውበት ማዕከል አነስተኛ ኃይል ባለው ሌዘር አሥር ጊዜ ከታከምሽ እብጠቱ ይጠፋል፣ የቀረው ስብም ይቀልጣል አለኝ። በየሁለት ቀኑ መመላለስ ሊኖርብኝ ነው። እናቴ ጻድቃኔ ማርያም ሄደሽ ተጠመቂ ትለኛለች፤ ጎረቤቴ ደግሞ ወጌሻ ይሽሽ ትላለች። ሌዘሩ ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል?»

ምላሹ፦

እህቴ፣ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርዎት። ይህ ሌዘር በሚያውቀው ሰው እጅ ከተሰጠ የሚጎዳዎት አይደለም፤ ሕመምንና እብጠትን በመጠኑ ሊያቀልልዎት ይችላል። የቀረውን ስብ ግን አያቀልጥልዎትም። ከሁሉ በፊት ደግሞ በግራ ጎንዎ ያለው ጠጣር ነገር ምን እንደሆነ ሐኪም ዳስሶ ሳያረጋግጥ ምንም ዓይነት ብርሃን እንዲያርፍበት አልፈልግም። እኔ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን ማገገም የምከታተል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ሌዘር በሙያችን የምንጠቀምበት መሣሪያ ስለሆነ ጠላቱ አይደለሁም፤ ቦታውን እንዲይዝ ብቻ ነው የምፈልገው።

በመጀመሪያ በሰውነትዎ ውስጥ የተደረገውን እንመልከት። ዛሬ ላይፖሰክሽን በአብዛኛው የሚሠራው አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ጄፍሪ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ባስተዋወቁት መንገድ ነው። ጨዋማ ፈሳሽ፣ ከማደንዘዣው ከሊዶካይንና የደም ሥርን ከሚያጠብበው ከአድሬናሊን ጋር ተቀላቅሎ ወደ ስቡ ይገባል። ቦታው በፈሳሹ ከተወጠረ በኋላ ጫፉ የደነዘ ቀጭን ቱቦ በትንሽ ቀዳዳ ይገባና ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተመላለሰ ስቡን ይመጥጣል። ላይ የሚታየው ቀዳዳ የጣት ጥፍር አያክልም። ከሥሩ ግን ቱቦው ያለፈበት ሁሉ ቁስል ነው፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች፣ በሥጋ መካከል የቀረውን ውሃ ወደ ደም የሚመልሱ የሊምፍ መስመሮችና የቆዳ ነርቮች ተበጥሰዋል። እርስዎ ደርቋል ያሉት የላዩን ነው። የውስጡ ገና በሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ የጻፉልኝ አብዛኛው ነገር በሦስተኛው ሳምንት የሚጠበቅ ነው። እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ይብሳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ቅርጽ የሚታየው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። የበለዘው በሁለትና በሦስት ሳምንት ይጠፋል። ከእምብርት በታች ያለው መደንዘዝ ነርቮቹ እስኪያገግሙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ ከመመለሱ በፊት ማሳከክና መውረር ቢሰማዎት ጥሩ ምልክት ነው። ሰውነት ጠባሳ ሲሠራ ደግሞ የተነካው ቦታ ከሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ሲዳሰስ ይጠጥራል፤ ከወራት በኋላ እየለሰለሰ ይሄዳል። ይህንን ነግሮዎት ያሰናበተዎት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ቀዶ ሕክምናው በአንድ አገር፣ ማገገሙ በሌላ አገር ሲሆን ብዙ ሴቶች የሚጎዱት በቢላዋው ሳይሆን ሰሚ በማጣት ነው።

ወደ ሌዘሩ እንምጣ። ሌዘር የሚለው ስም ብዙ የማይገናኙ መሣሪያዎችን ያቀፈ ነው። ቆዳ የሚቆርጥ አለ፤ ፀጉር የሚያነሣ አለ፤ በቀጭን ክር ከቆዳ ሥር ገብቶ ስብን በሙቀት የሚያቃጥል አለ። እርስዎ የተነገረዎት ከእነዚህ ሁሉ የተለየ፣ ሙቀት የማይሰማበት ደካማ ብርሃን ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከቡዳፔስት ነው። ቴዎዶር ሜይማን እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያውን ሌዘር ከሠሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1967 ሐንጋሪያዊው ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር ብርሃኑ ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለማየት በተላጩ አይጦች ላይ ያበሩታል። ካንሰር አልታየም። ይልቁንም ብርሃን ያረፈባቸው አይጦች ፀጉር ከሌሎቹ ቀድሞ በቀለ። ከዚያ በኋላ ሜስተር ይህንኑ ብርሃን አልድን ባሉ ቁስሎች ላይ መሞከር ጀመሩ። ዛሬ ሳይንሱ ፎቶባዮሞዱሌሽን ይባላል።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። በሕዋሳችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጩ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ክፍሎች አሉ። በውስጣቸው ያለ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የተባለ ፕሮቲን ቀይ ብርሃንንና ለዓይን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ይቀበላል፤ የሞገድ ርዝመታቸው በግርድፉ ከ600 እስከ 1,000 ናኖሜትር ነው። በሰፊው ተቀባይነት ባለው ማብራሪያ መሠረት ብርሃኑ ሲያርፍበት ሕዋሱ የበለጠ ኃይል ያመነጫል፤ ብግነቱም ይረግባል። ነገሩ በሬ ወለደ አይደለም። የካንሰር ሕክምና የሚወስዱ ሰዎች አፋቸው እንዳይቆስል ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት ይህንኑ ብርሃን ይመክራሉ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔትም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የጥናቶች ግምገማ ለአንገት ሕመም እንደሚረዳ አሳይቷል።

በላይፖሰክሽን ረገድስ? እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 635 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን የሚሰጥ አንድ መሣሪያ ለላይፖሰክሽን ረዳት ሆኖ ከሕክምናው በኋላ ያለውን ሕመም ለመቀነስ እንዲሸጥ ፈቅዷል። የውበት ማዕከላት «የተፈቀደ ነው» ሲሉ ይህን ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ልብ ይበሉ፤ የዚህ ዓይነቱ ፈቃድ የሚሰጠው መሣሪያው ቀድሞ ገበያ ላይ ካለ ሌላ መሣሪያ ጋር በመመሳሰሉ ነው፤ እንደ አዲስ መድኃኒት ረጅም ምርመራ ያለፈ አይደለም። ፈቃዱም ስለ ሕመም ነው። ብርሃኑ የተፈተነው ቀዶ ሕክምናውን አጅቦ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተጀምሮ ጠባሳን ያለሰልሳል የሚል ነገር በፈቃዱ ውስጥ የለም።

ስብ ያቀልጣል የሚለውስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2002 ኮሎምቢያዊው የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ሮድሪጎ ኔይራና ባልደረቦቻቸው ደካማ ቀይ ሌዘር የስብ ሕዋስ ላይ ጊዜያዊ ቀዳዳ እንደሚከፍትና ስቡ እንደሚፈስ የሚያሳዩ ምስሎችን አሳተሙ። በ2004 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ነገሩን ደግመው ሲፈትኑት በስብ ሕዋሱ ላይ ያን የመሰለ ለውጥ አላገኙም። ክርክሩን ለተመራማሪዎች ልተወውና አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስቡ ከሕዋሱ ወጣ ብንል እንኳ ከሰውነት ወጣ ማለት አይደለም። በሊምፍና በደም ይጓዛል፤ በእንቅስቃሴ ካልተቃጠለ ተመልሶ ይከማቻል። በእርስዎ ሁኔታ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት «የቀረ ስብ» የሚመስለው አብዛኛው ውሃና ብግነት ነው። በራሱ የሚወርድ ነገር ነውና እናቀልጥልሻለን ብሎ ገንዘብ መቀበል ልክ አይደለም።

አሁን ሰዎች የማይጠይቁትን፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀውን ነገር ላንሣ፦ መጠን። ብርሃን እንደ መድኃኒት መጠን አለው፤ የሚለካውም በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በሚያርፍ ጁል (የኃይል መለኪያ) ነው። በጣም ካነሰ ምንም አይሠራም። በጣም ከበዛ ደግሞ ጥቅሙ ተመልሶ ይጠፋል፤ እንዲያውም ሕዋሱን ያዳክማል። ስሌቱ ማንም ሊሠራው የሚችል ነው። 100 ሚሊዋት የሚሰጥ፣ እስክሪብቶ የሚመስል መሣሪያ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቦታ ላይ 40 ሰከንድ ቢያርፍ 4 ጁል ይሰጣል። የሆድዎ ስፋት 30 በ20 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 4 ጁል እንዲያገኝ በዚያ መሣሪያ ስድስት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያስፈልጋል። አሥር ደቂቃ ብቻ ሆድዎ ላይ ወዲያ ወዲህ ቢያዞሩት ግን እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው 0.1 ጁል ነው፤ ያ ደግሞ ከምንም አይቆጠርም። ብዙ ራሶች ያሏቸው ወይም ሰፋ ያለ ሰሌዳ የሚመስሉ መሣሪያዎች ይህን ችግር ይቀርፋሉ። ስለዚህ «ሌዘር አለን» የሚለው መልስ በቂ አይደለም፤ የትኛው፣ በስንት ሚሊዋት፣ ለስንት ደቂቃ፣ በምን ያህል ስፋት ላይ ብለው ይጠይቁ። መመለስ ያቃተው ሰው ብርሃኑን እንጂ ሕክምናውን አልያዘም።

ከዚሁ ጋር የቆዳችን ነገር አለ። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ቀይ ብርሃንን ይውጣል፤ ቅርብ ኢንፍራሬድን የሚውጠው ባነሰ መጠን ነው። ለነጭ ቆዳ የተዘጋጀ መጠን በእኛ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ያንሳል፤ ኃይለኛ መሣሪያ ሲሆን ደግሞ ላይኛውን ቆዳ ሊያሞቅና ሊያቃጥል ይችላል። እርስዎ ከእምብርት በታች ስሜት የለዎትም። ቢያቃጥልዎት አይሰማዎትም። ይህን ለሚያክምዎት ሰው ሳይጠየቁ ይንገሩ፤ ያ ቦታ በእጅ መዳሰስ እያለ ሊታከም ወይም ጭራሽ ሊታለፍ ይገባል።

ስለ ጊዜውም አንድ ነገር አለኝ። ዛሬ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ነዎት። በየሁለት ቀኑ አሥር ጊዜ ቢታከሙ ሲጨርሱ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ይሆናል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ማንም ሰው፣ ምንም ሳያደርግ፣ እብጠቱ በዓይን የሚታይ ያህል ይወርዳል። ሌዘሩን ከወሰዱ ምስጋናው ለሌዘሩ ይሄዳል፤ ጠበል ከጠጡ ለጠበሉ፤ ወጌሻ ካሸዎት ለወጌሻው። ጥናቶች የበራና ያልበራ መሣሪያ በዕጣ እየሰጡ የሚያወዳድሩት ለዚህ ነው። «እኔ ወስጄ ድኛለሁ» የሚል ወዳጅ እውነቱን ነው፤ ድኗል። በምን እንደዳነ ግን በዚያ መንገድ አይታወቅም።

ወደ ጠጠሩ ልመለስ፤ ከደብዳቤዎ ሁሉ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። ሊሆን የሚችለው ብዙ ነገር ነው፤ አብዛኛውም አይከፋም። ጠባሳ ሊሆን ይችላል፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ደም ያጣ ስብ ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ሴሮማ የሚባለው፣ ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ ውሃም ሊሆን ይችላል። ቤትዎ ሆነው በጀርባዎ ይተኙና በሁለት እጅ ጣቶች ግራና ቀኙን ይያዙት። በአንዱ ጣት ቀስ ብለው ሲጫኑ ሌላኛው ጣት ስር ሞገድ የሚመታ ከሆነ ውሃ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ሐኪም በመርፌ ይቀዳዋል እንጂ ብርሃን አያደርቀውም። ጠንከር ያለ፣ የማይሞቅ፣ ሲጫኑት እምብዛም የማያምና ከሳምንት ሳምንት የሚለሰልስ ከሆነ ጠባሳ ወይም የረጋ ደም የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

የምፈራው ሌላውን ነው። ከውጭ አገር የውበት ቀዶ ሕክምና በተመለሱ ሰዎች ላይ ከተራ ጀርም የተለየ፣ ከሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ጋር የሚዛመድ ዘር የሚያመጣው ኢንፌክሽን ታይቷል። አሜሪካኖች ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄደው ታክመው በተመለሱ ሴቶች ላይ ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ መዝግበዋል። ይህ ባክቴሪያ ቶሎ አይናገርም። ትኩሳት ሳያመጣ፣ ቁስሉ ደርቆ ሰው ተረጋግቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ እባጭ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ቀላ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያለ ቀለም ይይዛል፤ አንዳንዴ ይፈነዳና ያዣል፤ በተለመደው አንቲባዮቲክም አይድንም። መድኃኒቱ የሚታወቀው ከእባጩ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው። እንዲህ ያለውን እባጭ ጠባሳ ነው ብሎ አሥር ጊዜ ሌዘር ማብራት ወር ማቃጠል ነው። የእርስዎ ይህ ነው አላልኩም፤ የመሆኑ ዕድልም ጠባብ ነው። ግን ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ይባላልና በዚህ ሳምንት እዚያው ደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ይታዩ፤ በአልትራሳውንድ ውሃ ይሁን ጠጣር ይለያል። ሲሄዱ ከውጭ አገር የተሰጠዎትን ወረቀት ሁሉ ይያዙ፤ የወጣውን ስብ መጠን፣ የተሰጡትን መድኃኒቶች፣ የቀዶ ሕክምናውን ቀን። «ውጭ አገር ነው የተሠራሁት» ማለትን አይፈሩ፤ ሐኪሙ ናሙና ወደ ትክክለኛው ምርመራ የሚልከው ይህን ሲያውቅ ነው።

እስከዚያው ድረስ እብጠትዎን በእውነት የሚያወርደው ነገር ቤትዎ ውስጥ ያለው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሆድና ጎንን እኩል እንዲጫን የሚለበሰው የማጥበቂያ ልብስ ነው። ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይለበሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ በመሆኗ በዚህ ታድለዋል፤ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ያለች ሴት ያንን ልብስ ስትለብስ ላብና ሽፍታ ነው ትግሏ። ልብሱ ሲያረጅ ወይም እብጠቱ ወርዶ ሲሰፋ ማጥበብ ወይም መለወጥ ነው እንጂ በላዩ ላይ መቀነት አያስሩበት። ይህን የምለው አራስ ወገቧን በመቀነት የምትታሰርበት ባህል በአገራችን ስለጸና፣ «ጠበቅ አድርጊው» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው። መቀነት ግፊቱ እኩል አይደለም። ጠርዙ ቆዳውን ይነክሳል፤ ከላይና ከታች ውሃ ያቁራል፤ በስሩ ያለው ለስላሳ ጠባሳ በዚያ ቅርጽ ይጠነክርና ልብስ ሲወልቅ በሆድ ላይ እንደ ፈለግ የተሰመረ ጎድጓዳ መስመር ይቀራል። ያንን መስመር በኋላ ሌዘርም ማሸትም ቀላል አያደርገውም። የማጥበቂያው ልብስ ራሱ ሲቀመጡ ከእምብርት በላይ ተጨማድዶ ከሆነ ያው ነው፤ በቀን ደጋግመው ዘርጋ ያድርጉት፤ ሲያወልቁ ቆዳዎ ላይ በግማሽ ሰዓት የማይጠፋ እጥፋት ካዩ ልክዎ አይደለም።

ጎረቤትዎ ስለ ወጌሻ የሚሉት በቅን ልብ ነው። ወጌሻ በወለምታና በስብራት ስሙ የገነነ ቢሆንም የእርስዎ ጉዳይ አጥንት አይደለም። ከሥር ገና ያልጠነከሩ የደም ሥሮች አሉ፤ በጡንቻ ላይ የሚደረገው ጠንካራ ማሸት ይበጥሳቸዋል፤ ውሃም ደምም ያጠራቅማል፤ ስሜት በሌለው ቦታ ደግሞ መጠኑን የሚነግር ሕመም የለም። የሚጠቅመው ማሸት የሊምፍ ማሸት የምንለው ነው፤ እጅ ቆዳውን ብቻ እየሳበ ወደ ብሽሽትና ወደ ብብት የሚያደርስ፣ ሲያዩት ምንም የማይሠራ የሚመስል ዝግታ ያለው ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ ጊዜ ካሳየዎት እርስዎው ራስዎ ጠዋትና ማታ ሊያደርጉት ይችላሉ። ጠጠሩ ተመርምሮ ምንነቱ እስኪታወቅ ግን እርሱን አይሹት።

አሁን መንገዱን እናስላ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልስ በየሁለት ቀኑ ማለት ገና እያገገመ ያለ ሰውነት ይዘው ለሰዓታት ተቀምጠው መዋል ማለት ነው። ከላይፖሰክሽን በኋላ ሰው ከሚሞትባቸው ምክንያቶች ዋናው በእግር ደም ሥር የሚረጋና ወደ ሳንባ የሚሄድ ደም ነው፤ ለዚህም ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ አንዱ አባባሽ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የሚወስዱ ከሆነ ስጋቱ ይጨምራል፤ ለሐኪሙ ይንገሩ። አንድ ጊዜ መሄድ ካስፈለገ ሸኖ ላይ ወርደው አሥር ደቂቃ ይራመዱ፤ ለጋውን ቅቤ ለመግዛት የሚቆም መኪና ለእግርዎም ይቁም። መኪና ውስጥ ሆነው ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ፤ ውሃ ይጠጡ። ነገር ግን ከሌዘሩ የሚጠበቀው መጠነኛ ጥቅምና የአሥር ጉዞ ድካም ሲመዘኑ ለእርስዎ ጉዞው ይከብዳል። ያንን ጊዜ ከተማዎ ውስጥ በእግር ቢሄዱበት፣ በቀን ግማሽ ሰዓት እንኳ፣ የባት ጡንቻዎ ሲሠራ ሊምፉንና ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጠባሳዎቹን ደግሞ ከፀሐይ ይሸፍኑ፤ «ብርሃን ያድናል» ተብሎ የበለዘ ቆዳ ለደጋ ፀሐይ ሲሰጥ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

አንዱ ባትዎ ከሌላው ተለይቶ ካበጠና ካመመ፣ በድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቀላ ያለ ቆዳ ከሰዓት ሰዓት እየሰፋ ከሄደ ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ምግብን በተመለከተ ሰውነት ጠባሳ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ጾም ላይ ከሆኑ ሽሮው፣ ምስሩ፣ የባቄላው ስልጆ ሳይጓደል ከበሉ ይበቃል፤ አቅም ካነሰዎት የነፍስ አባትዎን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት። ጨው ቀነስ ያድርጉ። አረቄ ከሕመም ማስታገሻ ጋር አይሄድም።

እናትዎን አያስቀይሙ። ጻድቃኔ ማርያም ለሰሜን ሸዋ ሰው ምን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ሕሙም ሲታከምና ሲጸልይ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ቀዳዳዎቹ በሙሉ ቆዳ ለብሰው፣ እርጥበትም ቅርፊትም ሳይኖርባቸው፣ ሐኪምም ጠጠሩን አይቶ ይሁን ካለዎት መጠመቅ ይችላሉ። ያልተዘጋ ቀዳዳ ካለ ግን ይቆዩ፤ እምነቱንም በዚያ ቦታ ላይ አይቀቡ፤ ለእናትዎም «ቁስሉ ይዘጋና አብረን እንሄዳለን» ይበሏቸው። ከጠበሉ በኋላ ሰውነትዎን በደንብ አድርቀው የደረቀ የማጥበቂያ ልብስ ይልበሱ፤ ጠበል የሞላውን ጀሪካን ግን ሌላ ሰው ይያዝልዎ።

ሐኪሙ ጠጠሩ የሚያሰጋ አይደለም ብሎዎት፣ ገንዘቡም ሳይከብድዎት፣ በቅርብ የሚሰጥ ሌዘር ካገኙና ሕመሙ ካላስተኛዎት ቢሞክሩት አልቃወምም። መሣሪያው በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ይጠይቁ። የአሥሩን ሙሉ ክፍያ በአንድ ጊዜ አይክፈሉ፤ ሦስት ይሞክሩና በሕመሙና በእንቅልፍዎ ለውጥ ይመዝኑት። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም እንደሆኑ ከጠረጠሩ በሆድ ላይ አይደረግም። የካንሰር ታሪክ ካለ፣ የሚጥል በሽታ ካለ፣ ወይም እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ ቆዳን ለብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ቀድመው ይናገሩ። በሕክምናው ጊዜ ሊሰማዎት የሚገባው ምንም ወይም ቀለል ያለ ሙቀት ነው፤ ማቃጠል ከሆነ ያስቁሙ። ብርሃኑ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ከገባ ይጎዳል፤ በተለይ ኢንፍራሬዱ ስለማይታይ ዓይን ራሱን አይከላከልም። ስለዚህ ለዚያ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ለእርስዎም ለባለሙያዋም ሊኖር ግድ ነው፤ መነጽር ሳይሰጥዎት መሣሪያው ከበራ ልብስዎን ለብሰው ይውጡ።